ሄፓታይተስ ሲን ያለ መድኃኒት የሚረታ ሰውነት

የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በደም የሚተላለፍና ጉበትን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በመሆኑ፣ አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው የሚወስዱና መርፌ የሚዋዋሱ ሰዎች ደጋግመው ይጋለጡበታል። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ተለይቶ ምርመራ ከተገኘለት በኋላ ግን፣ ለዓመታት መርፌ ሲዋዋሱ ኖረው በደማቸው ውስጥ ቫይረሱም ሆነ ሰውነት ወራሪን ለመቋቋም የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ የማይገኝባቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉ ታየ። ይህን ሁሉ በአጋጣሚ መትረፍ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ቫይረሱን ለይተው የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት፣ ማለትም የተበከሉ ሕዋሳትን እያደኑ የሚያጠፉ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ መገኘታቸው ሰውነታቸው ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ ሥር ሳይሰድ እንዳስወገደው ያመለክታልና።

ከቲ ሕዋሳት ቀድመው የሚደርሱት ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት የሚባሉት ሲሆኑ፣ ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚገቷቸው ፕሮቲኖች በላያቸው ላይ አሉ፤ የዚህ ልጓም ጥብቀት በዘር ስለሚወረስ ከሰው ሰው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ልጓሙ ላላ ያለ ዓይነት የወረሱ ሰዎች ቫይረሱን በራሳቸው የማስወገድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን፣ ይህ ጥቅም የታየው በመርፌ እንደሚያዙት ሰዎች ጥቂት ቫይረስ በገባባቸው ላይ እንጂ፣ በተሰጣቸው ደም አማካይነት ብዙ ቫይረስ በገባባቸው ላይ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው ዘር ብቻ ሳይሆን የቫይረሱም መጠን ነው።

በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ዕፅ በመርፌ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተካሄደ የረጅም ጊዜ ክትትል ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ቫይረሱን ያስወገዱ ሰዎች ዳግም ሲያዙ አብዛኞቹ ባነሰ የቫይረስ መጠንና ባጠረ ጊዜ እንደሚያስወግዱት አረጋግጧል። ሆኖም እንደገና መያዛቸው ራሱ ጥበቃው ሙሉ እንዳልሆነ ያስረዳል። ይህንኑ ጥበቃ ለመፍጠር ታስቦ በባልቲሞርና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የተሞከረው ክትባትም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ቲ ሕዋሳትን ቢቀሰቅስም ሕመሙ ሥር እንዳይሰድ ማድረግ አልቻለም።

ስለዚህ ተፈጥሯዊ ተቋቋሚነት ለተመራማሪዎች መንገድ የሚያሳይ ቢሆንም፣ ማንም ሰው የትኛውን ዘረ መል እንደወረሰ በስሜት ሊያውቅ ስለማይችል ለተጋላጩ መተማመኛ አይሆንም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚወሰዱ እንክብሎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑ ሕሙማንን በሚፈውሱበት በዚህ ዘመን፣ ምርመራው፣ ንጹሕ መርፌውና መድኃኒቱ ዕፅ ለሚጠቀሙ ሰዎችም እንደማንኛውም ሕመምተኛ ያለ ነቀፋ ሊዳረሱ ይገባል።