ቡና የተባለችው ኮከብና መንገዳቸውን የረሱት መንገደኞች

ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ፣ ለገጣፎ ላይ የቆመ ሰው በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀና ቢል፣ አንድሮሜዳ የሚባለውን የከዋክብት ጭፍራ ያያል። አንድሮሜዳ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በዚሁ ጭፍራ መካከል በባዶ ዓይን የማትታይ፣ ሩቅ በሚያሳይ መነጽር ግን የምትገኝ አንዲት ኮከብ አለች፤ ስሟም ቡና ነው። በዙሪያዋ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል ትባላለች። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ በሰጠው ዕድል፣ እነዚህ የኢትዮጵያ ስሞች በ2012 ዓ.ም. ጸደቁ።

አቦል ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ብርሃን እንኳ 195 ዓመት ያህል ይጓዛል። ዛሬ ማታ ወደ እኛ የሚደርሰው የቡና ብርሃን ከዚያ የተነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሳ የሚባሉ ልጅ ሳሉ ነው። በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር የምትከንፈው ቮየጀር 1 ወደዚያ ብታቀና፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ይኸውም ከድንቅነሽ ዘመን እስከ እኛ ያለውን ጊዜ ያህል መሆኑ ነው።

እንዲህ ባለው ጉዞ የሚነሣው አይደርስም፤ የሚደርሰውም ሲነሡ አላየም። አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃይንላይን ይህን ነገር አስቦበት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1941 ሁለት ታሪኮች በመጽሔት አወጣ። በ1963ም «የሰማይ የሙት ልጆች» በሚል ስም በአንድ መጽሐፍ ታተሙ።

በመጽሐፉ ውስጥ ሰዎች ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ እንዲጓዝባት በተሠራች ታላቅ መርከብ ወደ ሌላ ኮከብ ይላካሉ። በመንገድ ላይ ዐመፅ ተነሣና አዋቂዎቹ አለቁ። የተረፉት የልጅ ልጆች መርከቢቱን ዓለም ሁሉ እርሷ ብቻ አድርገው ቆጠሯት፤ ጉዞውም የሃይማኖት ምሳሌ መሰላቸው። ሂው የተባለ ወጣት ግን ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ ከዋክብትን በዓይኑ አየ። ተመልሶም ቢናገር፣ እንዲገደል ተፈረደበት። በመጨረሻ ጥቂቶች አምልጠው በአንዲት ግዙፍ ፕላኔት ጨረቃ ላይ ያርፋሉ። አቦልም ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ግዙፍ ፕላኔት ናትና፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት ይኖራታል ተብሎ አይታሰብም።

አንባቢ ሆይ፣ የመርከቢቱ ሰዎች የጎደላቸው ሞተር ወይም እህል አልነበረም፤ አባት ለልጁ «ከዚህ ተነሥተን ወደዚያ እንሄዳለን» ብሎ የሚነግረው ቃል ነው እንጂ። ይህ እንዲደርስብን ሰማይ መውጣት አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወጥተው ለገጣፎ ላይ ቤት የሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደዋል። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ የከተማይቱም ስም የጣፎ ወንዝ ማለት ነው። ይህን ለልጁ የነገረ ወላጅ ስንቱ ይሆን? እንግዲህ ዛሬ ማታ አቦሉ ሲቀዳ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ፣ ስለ ወንዙም ስለ ኮከቢቱም ንገሯቸው።