በምርቃና የተሠራ ፎቅ

ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ ሥራ ይላላል። ፀሐዩም አያስወጣ፣ ጫቱም ሰዓቱ ደርሷል። ከአወዳይ በኩል የወረደው እርጥብ ጫት በየቤቱ ይፈታል፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃና ኦቾሎኒ ይቀርባል። በርጫው ሲጀመር ጨዋታው እዚህም እዚያም ይረግጣል፤ ምርቃና ሲገባ ግን መስመር ይይዛል። አንዱ ከጅቡቲ ዕቃ እያስመጣ ታይዋን ገበያ ላይ ሱቅ ይከፍታል፣ ሌላው ሁለት ባጃጅ ገዝቶ ለሹፌር ይሰጣል፣ ሦስተኛው ለገሃር አካባቢ ፎቁን ጨርሶ የምድር ቤቱን ለማን እንደሚያከራይ ያማክራል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ መካሪው ብዙ ነው፣ የሚቃወም የለም። መሽቶ ምርቃናው ሲበርድ፣ ለጨብሲ የሚወጣውም ሲወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ዕቅድ ለነገ ጠዋት የተቀጠረ ሥራ እምብዛም አይገኝም። ቃሚዎቹ ራሳቸው ይህን ያውቁታል፤ በምርቃና ዕቅድ ከሁሉ በላይ የሚስቁት እነሱ ናቸው።

ይህን ማንሣቴ ቃሚን ለመውቀስ አይደለም። ጫት ቀምሰው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች ያንኑ ፎቅ በሌላ መንገድ እየሠሩት ነው። “ማኒፌስት ማድረግ” ይሉታል። የምትፈልገውን ነገር እንዳገኘኸው አድርገህ በዓይነ ኅሊናህ ሣል፣ ደስታውን አሁኑኑ ተሰማው፣ ዓለም ራሷ ታመጣልሃለች ይላል ትምህርቱ። ሐሳቡ ዱሮም የነበረ ቢሆንም በዘመናችን በሰፊው ያናኘው አውስትራሊያዊቷ ሮንዳ በርን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው “ዘ ሲክሬት” የተባለው ፊልምና መጽሐፍ ነው። ዛሬ በአማርኛ ቪዲዮዎችና በስኬት ሥልጠና አዳራሾች ሲቀርብ “በአንጎል ሳይንስ የተረጋገጠ” የሚል ማኅተም ይደረግበታል፤ ዶፓሚን ይጠቀሳል፣ ሬቲኩላር አክቲቬቲንግ ሲስተም የሚባል ስም ይጠራል። ሳይንሱ በእርግጥ አለ። የሚናገረው ግን ለገበያ የሚቀርበውን ተቃራኒ ነው ባይ ነኝ። መጨረሻውን በምናቡ ያጣጣመ አእምሮ ለመንገዱ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። ሰውን የሚያራምደው ምኞቱ ከዕንቅፋቱና ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር ሲታሰር ነው።

ከጫቱ እንጀምር፤ ነገሩ እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያልና። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ከእርጥብ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደከመ ውሁድ ይለወጣል፤ የጫት መኪና በዚያ ፍጥነት የሚከንፈው፣ ያደረ ጫትም ዋጋው የሚወድቀው ለዚህ ነው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ሲገባ ከአምፌታሚን ጋር በሚመሳሰል መንገድ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ዶፓሚን ደግሞ እንደሚወራው የደስታ ቅመም ብቻ አይደለም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ጦጣዋ ጭማቂ ሊመጣ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ከለመደች በኋላ የዶፓሚን ሕዋሶቿ የሚነቁት ጭማቂውን ስትቀምስ ሳይሆን ምልክቱን ስታይ ነው። ጭማቂው ሳይመጣ ከቀረ፣ ይመጣል በተባለበት ቅጽበት ሕዋሶቹ ዝም ይላሉ። እንግዲህ ይህ ሥርዓት አንዱ ዋና ሥራው የጠበቅነውን ካገኘነው ጋር እያስተያየ ማስተማር ነው። በርጫ ላይ ግን ንቃቱ የመጣው ከቅጠሉ ነው፤ ሱቁ ተከፈተም አልተከፈተም፣ ነገሩ የሰመረ መስሎ ይሰማል።

ምናብ ዕፅ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ማድረግም ስሕተት ነው። ነገር ግን ያለ ምንም ቅጠል ባዶ ምኞት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪኤለ ኤቲንገን ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት ክብደት ለመቀነስ ሕክምና የጀመሩ 25 ሴቶችን ተከታተለች። “ይሳካልኛል” ብለው የጠበቁት በርግጥ የበለጠ ቀነሱ። ቀጥነው፣ አምረው፣ ሰው ሲያደንቃቸው በምናባቸው ያዩት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ቀነሱ። ልዩነቱን ልብ ማለት ያሻል፤ እምነት የሚቆመው ቀድሞ በተሠራ ነገር ላይ ነው፣ ምናብ ግን ማስረጃ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሌላ ጥናቷ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን የተመለከተ ነበር፤ ጥሩ ሥራ ይዘው በምናባቸው አዘውትረው ያዩት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ያስገቡት ማመልከቻም፣ ያገኙት ሥራም፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር፣ የሰመረ ምኞት ሰውነትን እንደሚያላላ በደም ግፊት መለኪያ ጭምር አሳየች። ሰውነት ለትግል ሲዘጋጅ ላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ከፍ ይላል፤ መጨረሻው አምሮ ሲታለም ግን ይወርዳል። ዕረፍት ለፈለገ ሰው ይህ ጥሩ ነው። ለፈተና ለሚቀመጥ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን አይበጅም።

“ታዲያ ሯጮቻችን ከውድድር በፊት ድሉን በዓይነ ኅሊናቸው ያዩ የለም ወይ?” የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የሚወሰነው በምናብ በሚታየው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔ የመራው ጥናት ፒያኖ የማያውቁ ሰዎችን ለአምስት ቀናት የአምስት ጣት ልምምድ አስጠና። ከፊሎቹ ቁልፉን ሳይነኩ በሐሳባቸው ብቻ ተለማመዱ፤ ጣትን በሚያዝዘው የአንጎላቸው ክፍል ላይ ግን በእጃቸው ከተለማመዱት ጋር የሚቀራረብ ለውጥ ታየ። እነዚህ ሰዎች በሐሳባቸው ያዩት እያንዳንዱን የጣት እንቅስቃሴ ነው። ጭብጨባና ሽልማት አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የተማሪዎች ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ራሳቸውን መጽሐፍ ገልጠው ሲያጠኑ ያሰቡት ቀድመው ማጥናት ጀመሩ፣ ውጤታቸውም ተሻለ። ከፍተኛ ውጤት ተለጥፎ ሲያዩ ያሰቡት ጥቂት ሰዓት አጥንተው ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ሬቲኩላር አክቲቬቲንግ ሲስተም የተባለውስ? ሞሩዚና ማጎን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳዩት መሠረት ዋና ሥራው እንቅልፍና ንቃትን መቆጣጠር ነው፤ የምኞታችንን ዝርዝር ይዞ ዕድል የሚያፈላልግ ደላላ አይደለም። ትኩረታችን ወደምናስበው ነገር ማዘንበሉ እውነት ነው። ባጃጅ ለመግዛት ያሰበ ሰው ባጃጅ ብቻ ይታየዋል ይባላል (ድሬዳዋ ላይ ባያስብም ይታየዋል)። ማየት ግን መግዛት አይደለም።

ኤቲንገን በመጨረሻ ያቀረበችው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ምኞቱን ከሣልክ በኋላ ወዲያው የሚያግድህን ነገር አጠገቡ ሣል። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው ዕንቅፋት በጊዜ ስለታየ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር የታለመው ለሐረር ነበር፤ ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት እንደሚከብድና ገንዘብ እንደሚጨርስ ሲታወቅ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም ተወለደች። ከዕንቅፋቱ ቀጥሎ የሚመጣው የኤቲንገን ባለቤት ፔተር ጎልዊትዘር ያጠናው “ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ” የሚል ውሳኔ ነው። “ገንዘብ እቆጥባለሁ” ምኞት ነው፤ “ደመወዝ በወጣ ዕለት ወደ ቤት ሳልገባ ባንክ እሄዳለሁ” ግን ጊዜና ቦታ አለው። ጎልዊትዘርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ ሲመዝኑ ይህ ዓይነቱ ውሳኔ ግብን ለመምታት በግልጽ እንደሚረዳ አገኙ። ምክንያቱ የሚገመት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ አእምሮ እንደ አዲስ መሟገት አያስፈልገውም።

የእኛ ዕቁብ ይህን ከማንም መጽሐፍ በፊት ያውቀዋል። ገበያ ውስጥ ያለውን የቀን ዕቁብ ጠጋ ብሎ ላየ፣ ሰብሳቢው ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ስም ፊት ምልክት ያደርጋል፣ ብሩን ቆጥሮ ይሄዳል። ነጋዴዋ “ዛሬ ልቆጥብ ወይስ ነገ?” ብላ አታስብም። ዕጣ ሲወጣላት ደግሞ ዋስ ጠርታ ትወስዳለች፤ ካቋረጠች የምታፍረው በሰፈሩ ሁሉ ነው። ውሳኔው ከጭንቅላቷ ወጥቶ በሰዓት፣ በደብተርና በሰው ዓይን ላይ ተቀምጧል። በርጫው ላይ ያልነበረው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ግን የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ወሬ ነው የሚል ካለ፣ የቅርቡን ማስረጃ ይዣለሁ። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ ዶባ የሚባል ወረዳ አለ። ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያ ወረዳ በ64 መንደሮች ሙከራ አካሄዱ። በዕጣ የተመረጡ ቤተሰቦች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ተመለከቱ። በፊልሞቹ ላይ የሚታዩት እንደነሱ ያሉ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ከመንግሥትም ከድርጅትም እርዳታ ሳያገኙ በእርሻ ወይም በአነስተኛ ንግድ ኑሯቸውን እንዴት እንዳሻሻሉ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ሌሎቹ ቤተሰቦች የአገር ውስጥ የመዝናኛ ዝግጅት አዩ፤ ሦስተኞቹ ምንም አላዩም፣ ጥያቄ ብቻ ተጠየቁ። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሙን ያዩት የበለጠ ቆጥበው፣ ልጆቻቸውን የበለጠ ትምህርት ቤት ልከው፣ ለትምህርታቸውም ከፍ ያለ ወጪ አውጥተው ተገኙ። ለመዝናናት የተሰበሰቡት ግን ይህ አልታየባቸውም፤ ስለዚህ ለውጡ ተሰብስቦ ስክሪን በማየት የመጣ አይደለም። ይህን ጥናት ከማኒፌስቱ ትምህርት የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ማንም “ሀብታም እንደሆንክ አስብ” አላላቸውም። ያዩት የሚያውቁትን ዓይነት መሬት የሚያርስ ሰው ያለፈበትን መንገድ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይመጣሉ። አንደኛው ከአማኙ ወገን ነው፤ “ምኞትን እንዲህ ካቃለልክ ጸሎትስ?” ይላል። እኔ ሁለቱን አላቀላቅልም። መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም ዕቅዱን ሲናገር “ኢንሻ አላህ” ወይም “እግዚአብሔር ቢፈቅድ” ይጨምርበታል፤ ውጤቱ በእጁ እንዳልሆነ ያውቃል። ማኒፌስት ግን ዓለምን አዝዛለሁ ይላል። ከ1,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳየው በዚህ የሚያምኑ ሰዎች ራሳቸውን የተሳካላቸው አድርገው ያያሉ፤ ነገር ግን አደገኛ ኢንቨስትመንት ይበልጥ ይስባቸዋል፣ ከስረው የሚያውቁትም በነሱ ዘንድ ይበዛሉ። ባንድ ጀንበር ሚሊየነር እናደርግሃለን የሚል ሁሉ አዳራሽ የሚሞላው ከየት እንደሆነ ይህ ትንሽ ይነግረናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ሥራ አጥ ለሆነ የድሬዳዋ ልጅ የጎደለው መነሻ ገንዘብና ሥራ እንጂ አስተሳሰብ አይደለም፤ የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም እንጀራቸውን ያጡት ሠራተኞች ግባቸውን በደንብ ስላልሣሉ አልነበረም። እውነት ነው። ድህነት ራሱ አእምሮን ያጣብባል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሕንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ጥናት፣ ያው ገበሬ ምርቱን ሸጦ ገንዘብ ከያዘ በኋላ የማሰብ ፈተናን ከዚያ በፊት በችግር ወቅት ከሠራው በተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። እንግዲህ “አስተሳሰብህን ቀይር፣ ኪስህ ይከተላል” የሚለው ቅደም ተከተሉን አዛብቶታል። የዶባውም ውጤት ልከኛ ነው፤ ማንንም ባለጠጋ አላደረገም፤ መሬትና ዝናብም አልጨመረም። ያሳየው፣ በዚያው መሬትና በዚያው ዝናብ ውስጥ ሰው ሊያደርገው እየቻለ ያላደረገው ነገር እንደነበረ ነው። ያም በአንድ ተራ ፊልም ታየለት።

ድሬዳዋ ውስጥ ለወጣቶች የስኬት ሥልጠና የሚያዘጋጁ ይህን ቢሞክሩት ወጪው ከአሁኑ አይበልጥም። ሱፍ ለብሶ ስለ ዱባይ የሚያወራው ተናጋሪ ይቅርና ከፊራ ላይ ከጉሊት ተነሥታ ሱቅ የከፈተች ሴት ትቀመጥ፤ መነሻውን ከማን እንደተበደረች፣ የመጀመሪያው ጭነት ሲበላሽባት ማን እንደደረሰላት፣ ሱቅ ስትውል ልጆቿን ማን እንደያዘላት፣ የስንት ብር ዕቁብ እንደጣለች ትናገር። አድማጮቹም ከመውጣታቸው በፊት ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት የት እንደሚሄዱና ምን ሊያግዳቸው እንደሚችል በወረቀት ላይ ይጻፉ። ሥልጠናው ግን ከሰዓት በኋላ ባይሆን ይመረጣል።