ኮረሪማና የመዓዛው ዘይት

ባልትና ዐዋቂ የሆኑ ሴቶች ኮረሪማን ከነልጣጩ ያኖሩታል፤ ለቅቤ ማንጠሪያ ወይም ለቡና ሲያስፈልግም በዚያው ሰዓት ፈልፍለው ይወቅጡታል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልተገኘም። መዓዛውን የሚሰጠው በዘሩ ውስጥ የተከማቸው ተናኝ ዘይት ስለ ሆነ፣ ዘሩ አስቀድሞ ከደቀቀ ዘይቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል።

ኮረሪማ ከዝንጅብል ወገን የሆነ ተክል ነው፤ በሳይንስ ስሙ አፍራሞሙም ኮሮሪማ ይባላል። ዋነኛ ጥንተ ሀገሩ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም ከፋና ጋሞ ጎፋ ነው። በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ አበባው ከምድር ሳይርቅ ይፈካል፤ ፍሬውም ሲበስል ይቀላል። ከደረቀ በኋላ ተበስቶና በገመድ ተሰክቶ እንደ መቍጠሪያ ሆኖ ለገበያ ይቀርባል። ጥንተ ሀገሩ ደቡብ ህንድ የሆነው ሄል ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም።

ዘይቱ የሚወጣበት መንገድ አረቄ ከሚወጣበት ብልሃት ጋር ይመሳሰላል። በተወቀጠው ዘር ውስጥ የውሃ እንፋሎት ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ እንፋሎቱም ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ከመቶ ኪሎ ደረቅ ዘር የሚገኘው ሦስት ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም ሲሶ የሚያህለው ሲኒዮል የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር በገባው ባሕር ዛፍ ውስጥም የሚበዛው ይኸው ስለ ሆነ፣ ጕንፋን የያዘው ሰው በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታጠን የሚሸተው ሽታ ለኮረሪማ ባዕድ አይደለም።

በመዓዛ ዘይት የመታከም ጥበብ አሮማቴራፒ ይባላል፤ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ረኔ ሞሪስ ጋትፎሴ በ1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዚህ ስም መጽሐፍ አሳትሟል። በኢትዮጵያ ግን የኮረሪማ ዘር ለሆድ መነፋትና ለድርቀት መድኃኒትነት ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ዘይቱን የሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂት ጠብታ በሙቅ ውሃ ላይ አድርገው ይታጠኑታል፤ ወይም በሌላ ቅባት አቅጥነው ገላቸውን ያሹበታል። ሽታው አፍንጫ የተከፈተ ያህል እንዲሰማ ያደርጋል እንጂ የበሽታውን ሥር አይነቅልም። ሳይቀጥን ቆዳን ያቃጥላል፤ ሊጠጣ አይገባም፤ ሲኒዮል የሕፃናትን ትንፋሽ ሊያውክ ስለሚችልም ከፊታቸው መራቅ አለበት።

የከፋ ደን በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል። ኮረሪማ ጥላ ፈላጊ እንደ መሆኑ ዛፉ ሲቈረጥ ማደሪያውን ያጣል፤ ደን የሚመነጥር መጥረቢያ እንግዲህ ከዛፉ ጋር የኮረሪማውንም መዓዛ ይቈርጣል።