ከኋላ የሚመጣው ነፋስ

ሴስና 172 በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ አብራሪዎች የሰለጠኑበት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። ባዶውን 770 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቪትዝ መኪና እንኳ ይበልጠዋል። በዚህ ቀላል አካል አናት ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር የሚደርስ ክንፍ ተዘርግቷል። ክንፉ አየር ሲያልፍበት ሥራውን ይጀምራል፤ አየሩ ከመንደርደር ይምጣ ወይም ከነፋስ፣ ክንፉ አይለይም።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ የቆየ ነፋስ ድንገት 56 ቢደርስ፣ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል፤ የነፋሱም ጉልበት በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በዚህ መዘናጋት ግን አይገባም፤ ፍጥነቱ ከመቶ 13 ያህል ቢጨምር ቅናሹ ጠፋ ማለት ነው።

በነፋስ ጊዜ መሬት ላይ ሲነዳ፣ አዲስ ሰልጣኝን መጀመሪያ የሚያስቸግረው የገዛ እጁ ነው። መኪና ስለለመደ መታጠፍ ሲፈልግ መሪውን ያዞራል፤ አውሮፕላኑ ግን መሬት ላይ የሚታጠፈው በእግር ፔዳል ነው። መሪው ሌላ ሥራ አለው። ነፋሱ ከፊት በግራ በኩል ከመጣ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ በግራው ክንፍ የኋላ ጠርዝ ያለው ኤሌሮን ወደ ላይ ይነሳና ክንፉ እንዳይነሳ ይይዘዋል። ከኋላ በግራ በኩል ከመጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ መሪው ወደ ቀኝ ዞሮ ወደ ፊት ይገፋል። ያኔ የጅራቱ ኤሌቬተር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ነፋሱ ከላይ አርፎበት ጅራቱን ወደ መሬት ይጫነዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ይኸኛው ነፋስ ነው። ከጅራቱና ከክንፉ ሥር ከገባ የአውሮፕላኑ ክብደት በአፍንጫው ጎማና በአንዱ የጎን ጎማ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ አብራሪው ፍሬን ረግጦ በፍጥነት ከታጠፈ ፕሮፔለሩና የክንፉ ጫፍ አስፋልት ሊነኩ ይችላሉ። ፕሮፔለሩ በሥራ ላይ እያለ መሬት ከመታ ደግሞ ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት። ስለዚህ በእግረኛ ፍጥነት መሄድ ነው፤ መቸኮል ምንም አያተርፍም።

ሲቆምም አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዙር። የሴስና በር ማጠፊያው ከፊት ስለሆነ፣ ከኋላ የመጣ ነፋስ በሩን ከእጅ ነጥቆ ማጠፊያውን ያጣምመዋል። ከዚያ መሪው ይቆለፋል፣ ጎማዎቹ ሥር ታኮ ይገባል፣ ሁለቱ ክንፎችና ጅራቱ ይታሰራሉ። የአምራቹ መመሪያ እያንዳንዱ ገመድ ወደ 320 ኪሎ የሚጠጋ ጉተታ እንዲችል ይጠይቃል፤ የልብስ ማስጫ ገመድ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጀማሪ ከሆኑ የማለዳውን ተራ ይጠይቁ።