ከቮልስ ኋላ የሚንጠባጠበው ዘይት ስንት ያወጣል?

በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ሊብሬውና ስለ ቦሎው ከመጠየቁ በፊት ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሥር ያያል። ከኋላ በኩል ጥቁር ጠብታ ካገኘ ዋጋ ለማስወረድ ይጠቀምበታል። ሻጩ በበኩሉ «ላብ ነው እንጂ አያፈስም» ብሎ ይከራከራል። ደላላው መሐል ገብቶ ልዩነቱን ለሁለት ያካፍላል፤ ውሉም ይፈረማል። በዚህ ሁሉ ድርድር ውስጥ ጠብታው ከየትኛው ቦታ እንደመጣ የሚጠይቅ ወገን እምብዛም አይገኝም። ዋጋውን መወሰን የነበረበት ግን ይኸው ጥያቄ ነው። አንዱ ጠብታ የአንድ ጎማ ማጥበቂያ በመቀየር የሚቆም ሲሆን ሌላው ግን ሞተር አስወርዶ ፍሪሲዮን ያስቀይራል፤ ሦስተኛው ደግሞ መኪናዋን ፍሬን ያሳጣታል።

ነገሩ ቀደም ሲል የባለ መኪናውና የመካኒኩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ግን የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገንዘብ ማስቀመጫ ቢሆን የሚያስገርም አይሆንም። የመለዋወጫ ዋጋም የዶላሩን ዋጋ ተከትሎ ይወጣል። ቮልስ ደግሞ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስለወጣች ቁጥሯ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

ወደ ጠብታው ስንመለስ፣ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የቮልስ ዲፍረንሻል እንደ ሌሎች መኪኖች ለብቻው የተንጠለጠለ አለመሆኑ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ከፊቱ በአንድ ቀፎ ውስጥ ሆነው 3 ሊትር ያህል የማርሽ ዘይት በጋራ ይጠቀማሉ። ሞተሩ ከዚሁ ቀፎ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ ስለሚታሰር፣ በመገጣጠሚያው ሥር የሚታየው ጠብታ የሞተር ዘይትም የዲፍረንሻል ዘይትም ሊሆን ይችላል። ገዢው ሁልጊዜ ሞተሩን ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጠብታውን በጣት ነክቶ ማሽተት ይበቃል። የማርሽ ዘይት ውስጡ ድኝ ስላለበት የሚከረፋ ልዩ ሽታ አለው፤ ወፈር ብሎም ጣት ላይ ይያዛል። የሞተር ዘይት ቀጠን ያለ፣ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ነው። ዘይቱ የሞተር ከሆነ ከበራሪው ጎማ በስተጀርባ ያለው ኦይል ሲል አልቋል ማለት ነው። የማርሽ ከሆነ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ፍሪሲዮን የሚገባው አክስል ኦይል ሲል ነው የለቀቀው። ሁለቱም ዕቃዎች ርካሽ ናቸው። ክፍያው የሚመጣው ሞተሩን ከማውረዱ ነው፤ እሱም ቢሆን በቮልስ ከሌሎች መኪኖች ይቀላል፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት ዋና ብሎኖች አራት ብቻ ናቸውና። ሞተሩ አንዴ ከወረደ ግን አንዱን ኦይል ሲል ቀይሮ ሌላውን መተው ለሁለት ጊዜ ጉልበት መክፈል ነው። ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ደርሶ ከሆነ መኪናዋ ዳገት ላይ ሞተሯ እየጮኸ አትሄድም፣ ወይም ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች። ያን ጊዜ የፍሪሲዮን ዋጋ በድርድሩ ውስጥ መግባት አለበት።

በመደበኞቹ 1200 እና 1300 ቮልሶች በብዛት የሚታየው ማፍሰስ ግን ከዚህ ይለያል። ከዲፍረንሻሉ ግራና ቀኝ ወደ ጎማ የሚወጡት አክስሎች እንደ ክንፍ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ይህን እንቅስቃሴ ለመፍቀድና ዘይቱን ለመያዝ የተጨማደደ የጎማ ሽፋን በየበኩላቸው ተደርጎላቸዋል። ጎማው በፀሐይ፣ በአቧራና በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም ከዚያው ይወጣል። ከፋብሪካ የወጣው ሽፋን አንድ ወጥ ስለሆነ እሱን ለመቀየር የአክስሉን ጫፍ መፍታት ያስፈልጋል። ለጥገና የሚሸጠው ግን በአንድ በኩል የተከፈለ ሆኖ በትናንሽ ብሎኖች የሚገጣጠም ነው፤ አክስሉን ሳይፈቱ ይታሠራል። ሥራው ቀላል ነው። ለዚሁም ነው የሚበላሸው። የተከፈለው መገጣጠሚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከዞረ አክስሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ስለሚከፈት ወደ ጎን መዋል አለበት። ማጥበቂያው ቀለበትም የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው። በክሪክ ተነሥታ እግሮቿ እንደተንጠለጠሉ ከታሠረ መሬት ስትወርድ ጎማው ይጠማዘዛል። ሽፋኑ ባለፈው ወር ተቀይሮ ዛሬም የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱን በመጀመሪያ መፈለግ እዚሁ ላይ ነው።

በ1303ና እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ቮልሶች ላይ አክስሉ በሁለቱም ጫፍ መገጣጠሚያ ያለው ስለሆነ ከጎማ ሽፋኑ የሚወጣው ዘይት ሳይሆን ግሪስ ነው። ለዚህ ዓይነቷ መኪና «ዲፍረንሻሏ ያፈሳል» ብሎ ዋጋ መቀነስ ሳያዩ መናገር ነው።

ቀልድ የማያውቀው ማፍሰስ በኋላ ጎማ በኩል ያለው ነው። በመደበኛው ቮልስ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በራሱ በዲፍረንሻሉ ዘይት ነው። የጎማው ኦይል ሲል ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ገብቶ ሸራውን ያርሰዋል። መሬት ላይ ብዙም ጠብታ ላይታይ ይችላል፤ ከቸርኬው በስተውስጥ ወደ ጎማው የተረጨ መስመር ግን ይታያል። እዚህ ላይም ማሽተት ያስፈልጋል፤ ከታምቡሩ ውስጥ የፍሬን ዘይትም ሊፈስ ይችላልና፤ የሱ ጥገና ሌላ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየራል። አንዱ የኋላ ጎማ ሲይዝ ሌላው ካልያዘ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። በከተማ ዝግ ብሎ የሚነዳ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል፤ የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ሲወርድ ግን ያውቀዋል። ታምቡሩን የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ባለ 36 ቁጥር ሲሆን ወደ 30 ኪሎግራም ሜትር በሚጠጋ ኃይል መጥበቅ አለበት። መንገድ ዳር በቧንቧ እየተረገጠ የሚጠብቅ ዳዶ የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ላልቶ ከቀረ የታምቡሩን ጥርስ ይበላል።

ብዙ ባለ መኪናዎች «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ይላሉ። ሒሳቡን እንሥራው። በግምት 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በደቂቃ አንድ ጠብታ የምትጥል መኪና በቀን 1,440 ጠብታ፣ ማለትም ወደ 72 ሚሊ ሊትር ታፈሳለች። በዚህ አካሄድ የቮልስ 3 ሊትር በ42 ቀን ገደማ ያልቃል። ከዲፍረንሻሉና ከአክስሉ መካከል ለብቻው 1.3 ሊትር ብቻ የሚይዘው ላዳ ደግሞ በ18 ቀን ይደርቃል። ስለዚህ ገንዘብ የሚያስወጣው የፈሰሰው ዘይት ሳይሆን ያልተተካው ነው። ኦይል ሲል በርካሽ ይገኛል፤ ደርቆ የተበላ የዲፍረንሻል ጥርስ ግን ሶማሌ ተራ ተሂዶ ከሌላ አሮጌ መኪና የወጣ ይፈለግለታል፤ የወጣበት መኪና ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ የለም።

መሙላቱም ቢሆን ዘዴ አለው። የቮልስ ዘይት የሚሞላው በጎን ባለው ቀዳዳ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ነው። በችኮላ ሲሞላ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ተመልሶ ስለሚፈስ «ሞልቷል» ያሰኛል። ዘጋግቶ የሄደ ሰው በጎዶሎ ይነዳል። ዝግ ብሎ መሙላት፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያም መጨመር ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ የሞላው በበኩሉ ትርፉን በአክስሉ በኩል ይተፋል፤ እሱም ማፍሰስ ይባላል፣ ግን ብልሽት አይደለም።

ላዳና የቀድሞው ኮሮላ ዲኤክስ የኋላ ዲፍረንሻላቸው ለብቻው ስለሆነ ማፍሰሻቸውም ሌላ ነው። ካርዳኑ ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት ኦይል ሲል ዋነኛው ነው። ላዳ ላይ ይህን ለመቀየር የሚፈታው ዳዶ ኦይል ሲሉን ብቻ ሳይሆን የውስጥ ኩሽኔታዎቹን ጥብቀትም የሚወስን ነው። ከመፈታቱ በፊት ቦታው ምልክት ካልተደረገበትና ከልክ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል፤ በትንሽ ገንዘብ የተጀመረው ጥገና ዲፍረንሻል ይበላል። ሌላው ከአክስሉ አናት ላይ ያለው ትንሽ የአየር መተንፈሻ ነው። በጭቃ ሲደፈን፣ ዘይቱ ሲሞቅ የሚያብጠው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሎቹ በኩል ይገፋዋል። ኦይል ሲል ሦስት ጊዜ ቀይሮ ያልቆመለት ላዳ ይህች ቀዳዳ ትታይለት። ማጽዳቷ ምንም አያስወጣም።

ለሽያጭ የምትቀርብ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ላቫጆ ገብታ ሥሯ ታጥቦ ነው የምትመጣው። ይህ በራሱ ማታለል ነው ማለት አይቻልም፤ ገዢውም ሊጠቀምበት ይችላል። ሥሯ በደረቀበት የተጠረጠረው ቦታ ላይ ጥቂት የፉርኖ ዱቄት ይነሰነስና ዘይቱ እስኪሞቅ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ፖንቴ ላይ ስትወጣ ዱቄቱ ላይ የተሰመረው የዘይት መንገድ ወደ መነሻው ይመራል። ሌሊቱን ከሥሯ ካርቶን ማንጠፍም ያው ነው፤ ጠብታው በመሐል ይሁን በጎማ በኩል ካርቶኑ ይናገራል። ከቀፎው ውጭ የተለቀለቀ ሲሊኮን ከታየ ግን አንድ ሰው ጠብታውን ለማቆም ሳይሆን ለመደበቅ ሞክሯል ማለት ነው። የተበላ ዲፍረንሻል እንዳይጮህ የመጋዝ ብናኝ የተቀላቀለ ወፍራም ዘይት መሙላትም በየሀገሩ የአሮጌ መኪና ነጋዴዎች የቆየ ዘዴ ነው። መድኃኒቱ የታችኛውን ብሎን ፈትቶ ጥቂት ዘይት ማየት ነው። ማግኔት ባለው ብሎን ላይ የተለጠፈ ልሙጥ ጥቁር ጭቃ የዕድሜ ነው፤ የሚቆጠር የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ዋጋው ከኦይል ሲል ሒሳብ ይወጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሽያጭ ክፍሉ ሻጩ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን፣ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ያዛል። ደላሎች በውሉ ላይ የሚያስገቡት «መኪናዋን አይቼ ባለችበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚለው ቃል የሻጩን ኃላፊነት ለማጥበብ ነው፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ለሰወረ ሻጭ ግን መከለያ አይሆነውም። ስለዚህ ጠብታዋ ያለባትን መኪና የሚሸጥ ሰው የማፍሰሻዋን ቦታ በውሉ ላይ ቢያስጽፍ ለራሱ ይበጀዋል። «ከኋላ ዘይት ታፈሳለች» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «በቀኝ አክስል ሽፋን ጎማ በኩል የማርሽ ዘይት ታፈሳለች» ብሎ መጻፍ ግን ሁለቱም ወገን የተደራደሩበትን ዋጋ ያስረዳል።