የቀጥቃጭ ጀማሪ

ቀጥቃጭ ብረትን በእሳት አለስልሶ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ ወይም ቢላ ያደርገዋል። የአፄ ቴዎድሮስ የሴባስቶፖል መድፍ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ጋፋት ላይ በ1859 ዓ.ም ነሐስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈሰሰ እንጂ በመዶሻ አልተመታም። የቀጥቃጭ ብረት አይቀልጥም፤ ከቀለጠማ ሥራው ተበላሽቷል።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ያለ እሱ ገበሬ አያርስም፤ ባለሙያው ግን ቡዳ እየተባለ ይሸሽ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ልማዱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ነበረው።

ጀማሪ መዶሻ አይዝም፤ ወናፍ ያናፋል። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ይጫናል፤ በዚህ ተራ ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላ አፍ በኩል ከሰሉ ሥር ይገባል። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ዐይን የሚሠለጥነው ግን እዚህ ነው። ፍም የመሰለ ደብዛዛ ቀይ ገና ነው። ብርቱካንማና ቢጫ ሲሆን ይመታል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ ከረጨ እየተቃጠለ ነው። ቀለሙ በፀሐይ ስለማይለይ ምድጃው ጥላ ይፈልጋል። ብረቱ ወደ ደብዛዛ ቀይ ከበረደ በኋላ መምታቱን የቀጠለ ጀማሪ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ ጉጠትና መዶሻ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ልምምድ የፌሮን ጫፍ ማሾል ነው። በመስፉ ላይ ተኝቶ አንዴ ይመታል፣ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ደግሞ ይመታል። ጫፉ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ስምንት፣ በመጨረሻ ድቡልቡል ይሆናል፤ ገና ከጅምሩ ድቡልቡል ለማድረግ የሚቸኩል ሰው ብረቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ፌሮ ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ ቢላ ግን አይወጣውም፣ አይጠነክርምና። ስለት ላለው ዕቃ የመኪና ባሌስትራ ይመረጣል። ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስ፣ ማለትም ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከደረሰ በኋላ ትንሽ ጨምሮ ይግላል፤ ከዚያም ዘይት ውስጥ ይነከራል። ውሃ ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። የወጣው ብረት እንደ መስታወት ስለሚሰባበር ይፈገፈግና ቀስ ብሎ እንደገና ይሞቃል፤ የገለባ ቀለም ሲያሳይ ለቢላ፣ ሰማያዊ ሲሆን ደግሞ ለሚታጠፍ ዕቃ ይሆናል።

ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ጭሱ የተነፈሰውን ሰው ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳትም ይለቅበታል።