«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የኢንተርኔት መስመርን በተራ የሚያዳርሰው ሶፍትዌር

አርሶ አደሩ የማዳበሪያ ፍላጎቱን ለማስመዝገብ፣ የከተማው ነዋሪም ጉዳዩን ለማስፈጸም ቢሮ ሲደርሱ «ሲስተም የለም» ተብለው መመለሳቸው የተለመደ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን መስመሩ ሳይቋረጥ፣ በዚያው ግቢ የሚወርድ የኳስ ቪዲዮ ሞልቶት ነው።

የግቢው ኢንተርኔት በሊኑክስ ሰርቨር በኩል የሚያልፍ ከሆነ መፍትሔው እዚያው አለ። «ቲሲ» የተባለው የትራፊክ መቆጣጠሪያ የትኛው መረጃ ቀድሞ፣ የትኛው ቆይቶ እንደሚያልፍ ይወስናል፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ሥራው በመስኖ አካባቢ ካለው የውኃ አባት ሥራ ጋር ይመሳሰላል። የውኃ አባት ተራ ያስከብራል እንጂ ምንጩን አያበዛም። ጠባብ መስመርም በሶፍትዌር አይሰፋም፤ ይሰፋል ብሎ ቃል የሚገባ ባለሙያ ቢመጣ ባይታመን ይሻላል።

መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚይዝ ቢሆን፣ ጣሪያው 9 ገደማ ላይ ይደረጋል። 1 ሜጋቢት መተው ብክነት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሰርቨሩ መስመሩ ከሚችለው በላይ ከለቀቀ ትርፉ ሞደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞደሙ ደግሞ ምዝገባን ከኳስ አይለይም። ጣሪያው ዝቅ ሲል ሰልፉ ሰርቨሩ ውስጥ ስለሚሆን ደንቡ ይሠራበታል። ከ9ኙ 3 ሜጋቢት ለምዝገባ ዋስትና ቢሰጥ፣ ምዝገባ በሌለበት ሰዓት ሌሎች ይዋሱታል።

ትእዛዙ የሚገዛው ከሰርቨሩ የሚወጣውን ነው። በመሆኑም ወደ ውጭ የሚላከው በውጭው የኔትወርክ ካርድ፣ ከውጭ የሚመጣው ደግሞ ወደ ቢሮዎቹ በሚያስተላልፈው ካርድ ላይ ይገደባል። በመለኪያ ስምም ስሕተት ይፈጠራል። በዚህ ትእዛዝ «ኤምቢት» ሜጋቢት ሲሆን «ኤምቢፒኤስ» ግን ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ጣሪያውን 8 እጥፍ ከፍ ስለሚያደርገው ደንቡ ተጽፎም ምንም አይገድብም።

ሶፍትዌሩን ማስጀመርም ሆነ ማጥፋት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይጠይቃል። ለማስጀመር ደንቡ በካርዱ ላይ ይታከላል፤ ወዲያውኑም ይሠራል። ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስለሚረሳ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት። ለማጥፋት ዋናው የሰልፍ ደንብ ይሰረዛል፤ ሰርቨሩም ግንኙነቶችን ሳያቋርጥ ወደ መደበኛ አሠራሩ ይመለሳል። ከመነሻ ፋይሉ ካልወጣ ግን መብራት በጠፋ ማግስት ደንቡ ተመልሶ ይመጣል።

ማጥፋቱ በተለይ የሚያስፈልገው መስመሩ ሲያድግ ነው። 10 የነበረው ወደ 50 ሜጋቢት ከፍ ቢል፣ አሮጌው ጣሪያ ካልተነሣ ቢሮው ለ50 እየከፈለ በ9 ይገለገላል። ቅሬታውም ያለ ጥፋቱ ወደ አገልግሎት ሰጪው ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ደንቡን አጥፍቶ ፍጥነቱን መለካት፣ ከዚያም ጣሪያውን በአዲሱ ልክ መመለስ ይገባል፤ ልኬቱም ተገልጋይ በሌለበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል።